የተሸጠው ፈረስ ሲያነክስ
ከሽያጭ በኋላ ለሚነሳ ክርክር የሸሪዓ መፍትሔ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።  

የዛሬው ትምህርታችን አንድ ወንድማችን ባቀረበልን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ወንድም የጋሪ ፈረሱን ለአንድ ባለጋሪ በገበያ ቀን ሸጠ። ወረቀት አልተጻፈም፤ በቦታው የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ገዢው ዘጠኝ ቀን ሠራበት። በአሥረኛው ቀን ፈረሱ የኋላ እግሩን ማንከስ ጀመረ። ገዢው መጥቶ «ገንዘቤን መልስልኝ፣ አለበለዚያ እከስሃለሁ» አለ። ሻጩ ደግሞ ገንዘቡን ለልጁ ትምህርት ቤት ከፍሎታል። ወንድማችን በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጨምሮልናል። አንደኛው፣ ፈረሱ ባለፈው ክረምት ለጥቂት ሳምንታት አንክሶ እንደዳነና ይህንንም ለገዢው እንዳልነገረው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ወዳጁ «ወረቀት ስለሌለ ካደው፤ ምንም አያመጣም» ብሎ እንደመከረው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ፈረስ ቢመስልም በውስጡ የሁለት ቤተሰብ እንጀራ፣ የጎረቤት ሰላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአላህ ፊት የምንጠየቅበት ሐቅ አለበት። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንመልከተው።

ሽያጩ መኖሩን ማን ያስረዳል?

በታሪካችን ውስጥ ከታወቁት የሽያጭ ክርክሮች አንዱ በፈረስ ላይ የተነሳ መሆኑ ይገርማል። አቡ ዳውድና ነሳኢ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንድ የገጠር ዐረብ ፈረስ ገዙ። ዋጋውን ሊከፍሉት ወደ ቤታቸው እንዲከተላቸው ነግረውት ፈጠን ብለው ሄዱ፤ ሰውየው ወደኋላ ቀረ። ፈረሱ መሸጡን ያላወቁ ሰዎች በመንገድ ላይ ይጠይቁትና ይከራከሩት ጀመር። ሰውየውም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠርቶ፣ የሚገዙት ከሆነ እንዲገዙት፣ አለዚያ ለሌላ እንደሚሸጠው ተናገረ። እርሳቸው ቀድመው እንደገዙት ሲነግሩት ካደ፤ ምስክርም አምጡ አለ። በዚህ ጊዜ ኹዘይማ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) መሸጡን እመሰክራለሁ አሉ። በምን እንደመሰከሩ ሲጠየቁም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛ ብለው በማመናቸው መሆኑን ገለጹ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኹዘይማ ምስክርነት እንደ ሁለት ሰው ምስክርነት ተቆጠረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ከፍጡራን ሁሉ እውነተኛ የሆኑት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ምስክር ተጠይቀዋል፤ ፈረሱንም በጉልበት አልወሰዱም። እንግዲያስ እኛ በወዳጅነትና በመተማመን ብቻ የምንሸጥና የምንገዛ ሰዎች ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 የዱቤ ውልን እንድንጽፍና ስንሻሻጥ ምስክር እንድናቆም አዟል። አብዛኞቹ ዑለማዎች የሽያጩን ምስክር ሱና እንጂ ዋጂብ አይደለም ቢሉም፣ ጥቅሙ ግን ክርክር በተነሳ ቀን ይታያል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስቀመጡት የዳኝነት መሠረት የታወቀ ነው፤ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ በከሳሹ ላይ ነው፣ መሐላ ደግሞ በሚክደው ላይ ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም የውሉን መኖር የማስረዳት ሸክም መብት በሚጠይቀው ወገን ላይ ያደርጋል። የፈረስ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም። በቃል የተደረገ ሽያጭም የጸና ነው፤ በምስክርም ይረጋገጣል። ስለዚህ «ወረቀት የለም» ማለት «ሽያጭ የለም» ማለት አይደለም። የወዳጅየው ምክር በዲን ሐራም ከመሆኑም በላይ በሕግም ቢሆን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ዐይብን መደበቅ

ዑቅበት ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ጉድለት ያለበትን ዕቃ ጉድለቱን ሳይገልጽ ለወንድሙ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ሐዲስ ደግሞ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ከገለጹ ሽያጫቸው እንደሚባረክ፣ ዋሽተው ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

በፊቅህ «ዐይብ» የሚባለው በነጋዴዎችና በባለሙያዎች ዘንድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ወይም የተፈለገበትን ጥቅም የሚያጎድል ነገር ነው። በፈረስ ላይ ሲሆን ማንከስ፣ መናከስ፣ መራገጥ፣ ልጓም አለመቀበል፣ እየደነበረ ጋላቢ መጣል፣ ዓይን መታወር፣ የማይለቅ ሳል፣ እንዲሁም በብዙ የጋሪ ፈረሶቻችን ላይ የሚታየው ከቆዳ ሥር እየተደረደረ የሚፈነዳ እብጠት ሁሉ ዐይብ ናቸው። የፈረሱን ዕድሜ ቀንሶ መናገርም ገዢው ጥርሱን ማየት የማይችል ከሆነ ማታለል ነው።

ገዢው ዐይብ ሲያገኝ ያለው መብት «ኺያሩል ዐይብ» ይባላል። ይኸውም ፈረሱን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ወይም እንዳለ መያዝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተቷ ሳይታለብ ቆይቶ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ የተደረገችን እንስሳ ለገዛ ሰው፣ እንዲይዛት ወይም ከአንድ ቁና (ሷዕ) ተምር ጋር እንዲመልሳት ምርጫ ሰጥተውታል። ይህ መብት ግን የራሱ ሸርጦች አሉት።

አንደኛ፣ ዐይቡ ገዢው ፈረሱን ከመረከቡ በፊት የነበረ ወይም ምክንያቱ ከዚያ በፊት የነበረ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ገዢው ሲገዛ ያላወቀው መሆን አለበት። እያነከሰ አይቶ ዋጋ አስቀንሶ የገዛ ሰው በማንከሱ ምክንያት ሊመልሰው አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዐይቡን ካወቀ በኋላ መውደዱን የሚያሳይ ሥራ መሥራት የለበትም። በሻፊዒይ መዝሀብ እንዳወቀ ወዲያው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በሐነፊይ መዝሀብ ጥቂት ቢዘገይ መብቱ አይወድቅም፤ ነገር ግን ዐይቡን ካወቀ በኋላ ለሥራው ከተጠቀመበት ወይም ለሽያጭ ካቀረበው እንደወደደው ይቆጠራል። ስለዚህ ገዢ ወንድማችን ፈረሱ ሲያነክስ እያየ ጋሪ ማስጎተቱን ቢቀጥል መብቱን በገዛ እጁ ይጥላል፤ በእንስሳውም ላይ ግፍ ይሠራል።

አዲስ ጉዳት ሲጨመርስ?

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ጊዜ ከአንድ ሰው ፈረስ ወስደው ለሙከራ ተጋለበ፤ በዚያው ፈረሱ ተጎዳ። ዑመር ሊመልሱት ሲፈልጉ ባለቤቱ እምቢ አለ። «የሚዳኘን ሰው እንምረጥ» ተባባሉና ሹረይሕን መረጡ። ሹረይሕም ጤነኛ አድርገው እንደተረከቡት ወይ በገዙበት እንዲይዙት፣ ወይ እንደነበረ አድርገው እንዲመልሱት በኸሊፋው ላይ ፈረዱ። ዑመር በፍርዱ አልተቆጡም፤ ይልቁንም ተደንቀው ሹረይሕን የኩፋ ቃዲ አድርገው ሾሟቸው። የሙስሊሞች መሪ ከአንድ ተራ ባለፈረስ ጋር እኩል ቆመው ተዳኝተዋል፤ ጉዳዩም ያለቀው ሁለቱም ወገን በመረጡት ሰው ነው።

የፊቅህ ሰዎች እንደሚሉት፣ በፈረሱ ላይ ቀድሞ የነበረ ዐይብ ተገኝቶ በገዢው እጅ ደግሞ ሌላ ጉዳት ከተጨመረበት፣ ገዢው ያለ ሻጩ ፈቃድ መመለስ አይችልም። ይልቁን የቀድሞው ዐይብ ያጎደለው ዋጋ ይመለስለታል። ይህ «አርሽ» ይባላል። አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። ባለሙያዎች ፈረሱ ጤነኛ ቢሆን 40,000 ብር፣ ከነዐይቡ ግን 30,000 ብር ያወጣል ቢሉ፣ የጎደለው ሩብ ነው። ፈረሱ የተሸጠው በ36,000 ብር ከሆነ ሻጩ የዚህን ሩብ፣ ማለትም 9,000 ብር ይመልሳል። ልዩነቱ የሚሰላው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ገዢው በዘጠኙ ቀን በጋሪው ያገኘው ገቢስ? ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ጥቅሙ ኃላፊነቱን ለተሸከመው ሰው ነው። በእነዚያ ቀናት ፈረሱ ቢሞት ኪሳራው የገዢው ይሆን ነበር፤ መኖውንም የሚችለው እርሱ ነበር። ስለዚህ ፈረሱ ቢመለስ እንኳ ሻጩ የጋሪውን ገቢ ሊጠይቅ አይችልም።

«እንዳለ ነው የሸጥኩልህ»

ብዙ ሻጮች «ከነጉድለቱ፣ እንዳለ ሸጬልሃለሁ» ብለው ከኃላፊነት የሚድኑ ይመስላቸዋል። በሐነፊይ መዝሀብ ከማንኛውም ዐይብ ነፃ ነኝ ብሎ መሸጥ በፍርድ ይጸናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ይህ ሸርጥ የሚጠቅመው በእንስሳ ላይ፣ ለዚያውም ሻጩ ለማያውቀው ውስጣዊ ዐይብ ብቻ ነው። ዑስማን (ረ.ዐ) እንዲህ ባለ ክርክር ሻጩ ዐይቡን ሳያውቅ እንደሸጠ እንዲምል መፍረዳቸው በኢማሙ ማሊክ ሙወጧእ ውስጥ ተዘግቧል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጩ ሆን ብሎ ጉድለቱን ከደበቀ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገውን የውል ቃል ዋጋ ያሳጣዋል። ያም ሆነ ይህ፣ እያወቁ መደበቅ በየትኛውም መዝሀብ ሐላል አይደለም።

ክርክሩ ወዴት ይሂድ?

ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመውሰድ ያስባሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ፣ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ሥልጣናቸውን በጋብቻና በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በወቅፍ፣ በስጦታ፣ በውርስና በመሳሰሉት ላይ ወስኖታል። የፈረስ ሽያጭ ከዚህ ውጪ ነው። ስለሆነም ለባለጉዳዮቹ ያላቸው መንገድ ሁለት ነው፤ ሱልህ ወይም መደበኛ ፍርድ ቤት።

መደበኛ ፍርድ ቤት የሚኬድ ከሆነ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢው ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ክሱንም ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ይህ የጊዜ ገደብ ግን ላታለለ ሻጭ መሸሸጊያ አይሆንም። ይህ ሕግ ከላይ ካየነው የፊቅህ ብያኔ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ማስተዋል ይቻላል። ገዢው ቢቻል በምስክር ፊት ወይም በጽሑፍ ያስታውቅ። ፈረሱን ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም አሳይቶ የምርመራውን ቀንና ውጤት የያዘ ወረቀት ይቀበል። ሻጩም ፈረሱን ራሱ ወይም በወከለው ሰው እንዲያይ ዕድል ይሰጠው። የተከሰሰ ሰው መጥሪያ ሲደርሰው ችላ ሊል አይገባም፤ የቀረ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱልህ ነው። ሁለቱ የሚያምኗቸውን ሽማግሌዎች ይምረጡ፤ ከመካከላቸው ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይኑር። የተስማሙበትን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። በሕጉ መሠረት ተዋዋዮች ክርክራቸውን የጨረሱበት የእርቅ ውል በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ የጸና ነው። ከክፍያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ፈረሱ መመለሻ ቀን ድረስ በግልጽ ይጻፍ፤ «እንተያያለን» የሚል እርቅ ሌላ ጠብ ይወልዳል።

መሐላና የምላስ ስል

ማስረጃ በሌለበት ቦታ መሐላ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ምስክሮቹ መሄዳቸውን ወይም መዘንጋታቸውን አይቶ በአላህ ስም ለመማል ይደፍራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሙስሊምን ሐቅ በመሐላው የቀማ ሰው እሳት እንደሚገባው አስጠንቅቀዋል፤ ነገሩ ትንሽ ቢሆንስ ተብለው ሲጠየቁም የአንዲት የመፋቂያ ዛፍ እንጨት እንኳ ብትሆን መሆኑን ነግረዋል። ሙስሊም ዘግበውታል። በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሐዲስ ደግሞ እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ አንደኛው ተከራካሪ ከሌላው አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል ገልጸው፣ በዚህ መንገድ የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስተምረዋል። የፍርድ ቤት ማኅተም ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ይህ ለሻጭም ለገዢም ነው። ፈረሱን ከመጠን በላይ ጭኖ ራሱ ያስነከሰ ገዢ «ሲሸጥልኝም ያነክስ ነበር» ቢል እርሱም የሚበላው እሳት ነው።

እንግዲህ ወንድማችን ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ የክህደቱን ምክር ከልቡ አውጥቶ ይጣለው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት የነበረውን ማንከስ ዛሬውኑ ለገዢው ይንገረው። የትኛው እግር እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደቆየና እንዴት እንደዳነ ሳያድበሰብስ ይግለጽ። በሽያጩ ቀን ያልተነገረው ዛሬ ሲነገር ሐኪሙም ሽማግሌዎቹም እውነቱን ይይዛሉ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ አብረው ፈረሱን ለባለሙያ ያሳዩ። ማንከሱ የቀድሞው ሕመም ያገረሸበት ከሆነ ምክንያቱ በሻጩ እጅ የነበረ ነውና ገዢው የመመለስ መብት አለው። በዘጠኙ ቀን የደረሰ አዲስ አደጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮቴው ላይ የገባ ምስማር ወይም የጋሪ ምት ከሆነ፣ ኪሳራው የገዢው ነው። ሁለቱም ተደባልቀው ከተገኙ ወደ አርሹ ስሌት ይኬዳል። ባለሙያው መለየት ካልቻለና ማስረጃ ከሌለ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ዐይቡ በእርሱ ዘንድ እንዳልነበረ የሚናገረው የሻጩ ቃል ከመሐላ ጋር ይወሰዳል። የቀድሞውን ማንከስ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚምል አስቀድሞ ያስብ!

አራተኛ፣ ገንዘቡ መውጣቱ ዕዳውን አያስቀርም። መመለስ ግዴታው ሆኖ ከተገኘና በእጁ ከሌለ ጊዜ ይጠይቅ፤ ገዢውም የተቸገረን ተበዳሪ መታገሥ በአላህ ዘንድ ያለውን ምንዳ አስቦ በክፍያ ይከፋፍልለት።

አምስተኛ፣ ሻጩ ግዴታ ባይኖርበትም እንኳ የተጸጸተን ገዢ ሽያጭ ማፍረስ «ኢቃላ» የሚባል ትልቅ መልካም ሥራ ነው። ይህን ያደረገን ሰው አላህ ስህተቱን እንደሚያነሳለት በአቡ ዳውድና በኢብኑ ማጃህ በተዘገበው ሐዲስ ተነግሯል።

ለወደፊቱ

ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ የምትሸጡና የምትገዙ ቤተሰቦች ሆይ! አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ጠብ ታድናለች። የሻጭና የገዢ ስም፣ የፈረሱ መልክ ዳማ ይሁን ቡላ ወይም አምባላይ፣ ዕድሜው፣ ምልክቱ፣ ዋጋው፣ የተከፈለውና የቀረው፣ ሻጩ የሚያውቀው ዐይብ ሁሉ፣ ቀኑና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑርባት። ገዢው ለመሞከር ከፈለገ በሐነፊይም በሻፊዒይም መዝሀብ እስከ ሦስት ቀን የሚደርስ «ኺያሩሽ ሸርጥ» ማድረግ ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት መኖውን ማን እንደሚችልና ፈረሱ ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ደላላ ካለ የሚናገረው ሁሉ ከሻጩ የሰማው እውነት ይሁን፤ «እንደ አንበሳ ነው» እያለ የሚሸጥ ደላላም ይጠየቅበታል።

በመጨረሻም የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) ሥራ እናስታውስ። ወኪላቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ገዛላቸው። ጀሪር ፈረሱን ሲያዩት ከዚያ የበለጠ የሚያወጣ ሆኖ አገኙትና ወደ ሻጩ ሄደው ዋጋውን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ በ800 ዲርሃም ወሰዱት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። ሻጩ ሳይጠይቃቸው 500 ዲርሃም የጨመሩ ገዢ እንደነበሩ ስናስብ፣ በአንድ አንካሳ ፈረስ የወንድማማችነት ገመዳችንን ልንበጥስ አይገባንም።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን ይባርክልን፣ ምላሳችንን ከሐሰት ምስክርነትና ከሐሰት መሐላ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።